ከትከሻ በላይ የሚታይ መንገድ

ኃይለሚካኤል መንገድ የጠፋበት ከሁሉ አብልጦ በሚያውቀው መንገድ ላይ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ከሂርና ወደ አሰበ ተፈሪ ሲመለስ፣ የጨርጨር ጉም እንደ ልማዱ ከገደሉ ተነስቶ አስፋልቱ ላይ ተኛ። ለዚህ ጉም እንግዳ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ መኪና እየነዳ ከአዲስ አበባ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ አዲስ አበባ ተመላልሶበታል፤ ኩርባዎቹን በዓይኑ ሳይሆን በወገቡ ነው የሚያውቃቸው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ቀይ ሞተር ሳይክል ገዝቶ በዚያው መንገድ ሽር ማለቱን አልተወም። የዚያን ዕለት ግን ጉሙ ገለጥ ሲል ከፊቱ የተዘረጋው መንገድ የሌላ ሰው መንገድ ሆኖ ጠበቀው።

ሞተሩን አቆመ። በግራው የማሽላ ማሳ፣ በቀኙ ጫት፣ መሐል ለመሐል ወደ ታች የሚጠማዘዝ አስፋልት። ሁሉም ነገር በቦታው አለ፤ ስሙ ግን የለም። ቤቱ ከፊቱ ይሁን ከኋላው ሊለይ አልቻለም። የሚገርመው አልፈራም፤ በኋላ ሲያስበው ያስፈራውም ይኸው አለመፍራቱ ነው። ሰው በሕልሙ አይቶት የማያውቀው ቤት ገብቶ እንደ ባለቤት እግሩን ዘርግቶ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ እሱም የማሽላውን ራስ ያጎነበሰውን ጤዛ እያየ፣ አንድ ነገር ሳይጎድለው፣ ቆመ።

ጀርባዋ ላይ ጫት ያዘለች ሴት ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች።

"እህቴ፣ አሰበ ተፈሪ በየት በኩል ነው?" ሲል ጠየቃት።

የሚቀልድባት መስሏት ሳቀች። "ቺሮ? አሱማ!" አለች ከተማውን በሌላ ስሙ ጠርታ፣ በእጇም ወደ ታች አመለከተች። "እዚሁ ነው እኮ አባ! ከሥርህ ነው!"

እውነትም ከሥሩ ነበር። ጥቂት ኩርባ እንደ ወረደ የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ ከጉሙ ሥር አብለጨለጨ፤ ስሞቹም ሁሉ አመሻሽ ላይ እንደሚመለሱ ዶሮዎች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ገቡ። ቤቱ ደርሶ ሞተሩን አስገባ፣ ለሚስቱ ለባየች ከሂርና ያመጣላትን ድንች አስረከበ፣ ስላየው ነገር ግን ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ወዲያ ምሳውን በልቶ በረንዳው ላይ ሲቀመጥ ከተሞችን መደርደር ልማዱ ሆነ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አዋሽ፣ ቦርደዴ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ እያለ ይወርዳል። አንዳንድ ቀን ሳያደናቅፈው ድሬዳዋ ይገባል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አንዷ ከተማ ትጎድልና በቦታዋ ጭጋግ ብቻ ይቀመጣል።

"ምንድን ነው እንዲህ የምታነበንበው?" ትለዋለች ባየች።

"ውዳሴ ማርያም ነው" ይላታል።

ሊነግራት አልደፈረም። ብትሰማ ከሁሉ አስቀድሞ የምትጠይቀው የሞተሩን ቁልፍ እንደሆነ ያውቃል። ባየች ያን ሞተር ከገባበት ቀን ጀምሮ አትወደውም። "በተቀመጠበት ዝገት ይብላው" ብላዋለች፤ መቼም ላትቀመጥበት በሚካኤል ስም ምላለች። ስለዚህ ኃይለሚካኤል ለብቻው አሰበ፣ ለብቻው ወሰነ፤ አንድ ማለዳም ወደ ሹክሪያ ሱቅ ሄደ።

የሹክሪያ ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ስልክ፣ የስልክ መሸፈኛ፣ የመኪና ቴፕ፣ የማይታወቅ ገመድ ሁሉ ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጠልጥሎበታል። እሷ ከዕቃው መሐል ሻሿን አስተካክላ ብድግ አለች።

"አካም ጅርቱ ጋሼ? ምን ልስጥዎት?"

"መንገድ የሚያሳይ ዕቃ። ጂፒኤስ የሚሉትን። ሞተር ላይ የሚታሰር።"

"ስልክዎት አለ አይደል? ካርታውን ልጫንልዎት፣ ማቀፊያ ብቻ ይግዙ።"

"ስልኩንማ አየሁት። አንድ ጎረቤቴ ሞተሩ ላይ አስሮት የሞተሩ መንቀጥቀጥ ካሜራውን አበላሸበት። ሚኤሶ ሲወርዱ ደግሞ ፀሐዩ ያግለውና ድርግም ይላል። ገደሉ ውስጥ ሲገቡ ኔትወርኩ ይጠፋል።"

ሹክሪያ ሳቀች። "ሁሉን ጨርሰው ነዋ የመጡት!"

ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሰፊ ዕቃ አወረደችለት። መስታወት ላይ የሚለጠፍ የመኪና ጂፒኤስ ነው፤ ፊቱ እንደ ትንሽ ቴሌቪዥን ያበራል። ኃይለሚካኤል ወደደው። ገልብጦ ሲያየው ግን የገመዱ መሰኪያ ክፍት ነው፤ መሸፈኛ የለውም። "የሂርና ዝናብ አንዴ ከላሰው አለቀለት" አለና መለሰላት። እሷም አልተከራከረችም። ቀጥሎ ተራራ የሚወጡ ሰዎች በእጃቸው የሚይዙትን ቢጫ ዕቃ ሰጠችው። ይኼ ዝናብም ውድቀትም አይፈራም፤ ፊቱ ግን የጥፍር ያህል ነው። መነጽሩን አድርጎ ወደ ብርሃኑ ወጣ፣ አራቀው፣ አቀረበው። መስመር የተባለው ነገር የጉንዳን እግር መሰለው።

"ለእርስዎ የሚሆነው ሌላ ነው" አለች ሹክሪያ፣ ስልኳ ላይ ፎቶውን እያሳየችው። "ለሞተር ተብሎ የተሠራ። ድሬዳዋ አለ። ፀሐይ ላይ ይታያል፣ ውሃ አያስገባም፣ ከባትሪው መብራት ይስባል። ማቀፊያው ከክንዱ ጋር አብሮት ይመጣል።"

"ከጓንት ጋር ይሠራል? እጄን ጠዋት ጠዋት ብርድ ይይዘዋል፣ ጓንት አላወልቅም።"

"ይሠራል።" ከዚያ ክርኗን መደርደሪያው ላይ አስደግፋ ጠየቀችው፦ "ግን ጋሼ፣ የት ሊሄዱበት ነው?"

"ሂርና። ሚኤሶ። ቦርደዴ።"

"እነዚህንማ እርስዎ ለጂፒኤሱ ያሳዩታል እንጂ!"

ኃይለሚካኤል ለመሳቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ዓይኑን ወደ እጁ መለሰ። ሹክሪያ ቢጫውን ዕቃ ወደ ሳጥኑ እየመለሰች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይምጣልዎት። በሚኒባስ አስመጣልዎታለሁ" አለችው። ሊወጣ ሲልም ከኋላው ተጣራች። "ሲገጥሙት ግን ለብቻዎት እንዳይገጥሙት እሺ? አንድ ሰው ይያዝልዎት።"

ዕቃው በመጣ ማግስት ሞተሩን ግቢው ውስጥ ካለችው የዘይቱን ዛፍ ጥላ ሥር አቆመ። ጆንያ አንጥፎ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ቁልፎቹንና ጥቁሩን ናስትሮ ደረደረ። ባየች እበረንዳው ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች፤ "ደግሞ ምን ልትሰካበት ነው?" ከማለት በቀር አልተጠጋችም።

ሥራው ደስ አለው። እጁ ከራሱ በላይ ያስታውሳል። ወንበሩን አንስቶ ከባትሪው ገመድ አወጣ፣ ፊውዙን አስገባበት፣ በቤንዚን ጋኑ ሥር አሳልፎ መሪው ድረስ አመጣው። መሪውን ወደ ግራ እስከ ጥግ፣ ወደ ቀኝ እስከ ጥግ አዞረና ገመዱ እንዳይወጠር ትርፍ አስቀረለት። ማቀፊያው ለመሪው ብረት ሰፋ፤ እየዞረ አስቸገረው። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቀጭን ላስቲክ ቆርጦ ብረቱ ላይ ጠቀለለ፣ ማቀፊያውን በላዩ ነከሰው። አሁን ንቅንቅ አይልም። ክንዱን መሐል ለመሐል፣ ከፍጥነት መለኪያው በላይ አቆመው። የዘይቱኗ ቅጠሎች ጥላ እጁ ላይ ይወዛወዛል። ከሩቅ የአንድ ጋራዥ መዶሻ ይሰማል፤ ሌላው ሁሉ ጸጥ ያለ ነው።

ከዚያ መዳፉ ላይ አንዲት የቡሎን ዳዶ አየ።

ከየት እንደመጣች አያውቅም። የት እንደምትገባም አያውቅም። ብርማ፣ ባለ ስድስት ጎን፣ መሐሏ ባዶ የሆነች ትንሽ ነገር። አያት። ጥላው በላይዋ አለፈ፣ ተመለሰ። ምን ያህል ቆሞ እንደቆየ አያውቅም፤ ባየች ግን ምስሯን ትታ አጠገቡ ቆማለች።

"ምን ሆነሃል?"

"ይቺ… የት ነበረች?"

"እኔ ምን አውቄ? አንተ አይደለህ የፈታሃት!"

ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። "ባየች፣ መንገዱ እየጠፋኝ ነው" አላት።

"የትኛው መንገድ?"

"ሁሉም። አንዳንዴ።"

የሂርናውን ጉም ነገራት። ጫት ያዘለችውን ሴት ነገራት። በረንዳ ላይ ሲደረድራቸው ከእጁ ስለሚያመልጡት ከተሞች ነገራት። እሷ አጠገቡ ጆንያው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ውዳሴ ማርያም ያልከኝ እሱን ነበር?" አለች በመጨረሻ።

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ በስተርጅና ጸሎት ጀመረልኝ ብዬ ለማኅበሩ ሁሉ ነግሬልሃለሁ!"

ሳቁ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያዛቸው። ሲያበቃ ባየች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ተነሳች። ኃይለሚካኤል ቁልፉን እስክትጠይቀው ጠበቀ። እሷ ግን ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞረችው፤ ወንበሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

"ይኼ ለሁለት ሰው ነው?"

"ነው።"

"በሚካኤል ስም ምያለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"እሱ ይፈታኛል።" ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ወጣች፤ ሞተሩ በማቆሚያ እግሩ ላይ እንደቆመ። "ና፣ አንተም ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። እጇ ትከሻው ላይ አረፈ። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከጀርባው ተቀምጣ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለው።

"አይታየኝም" አለች።

"ምኑ?"

"ዕቃው ነዋ! ጭንቅላትህ ጋረደኝ። ወደ ግራ አውጣው፣ ከፍም አድርገው።"

ወርዶ ፈታው። ላስቲኩን አንስቶ ወደ ግራ መስታወቱ አስጠጋ፣ ክንዱን ቀና አደረገ፣ ፊቱን ትንሽ ወደ ኋላ አዘነበለው። ያቺ ዳዶም የክንዱ መገጣጠሚያ ዳዶ እንደሆነች በዚህ መሐል እጁ ራሱ አውቆ ቦታዋ አስገባት። ሁለቱም እንደገና ወጥተው ሲቀመጡ የዕቃው ሰማያዊ መስኮት ከግራ ትከሻው በላይ ለባየች ወለል ብሎ ይታያት ነበር። ሲያበሩት ከዕቃው ውስጥ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ተናገረች።

"ምን ትላለች?"

"ወደ ቀኝ ታጠፍ ትላለች።"

"ገና ከግቢ ሳንወጣ? ዝም አሰኛት። የምነግርህ እኔ ነኝ።"

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ ብዙ ጠየቀው፣ መድኃኒት ጻፈለት፣ ብቻውን እንዳይሄድና መንዳቱንም ቀስ በቀስ እንዲተወው መከረው። ኃይለሚካኤል "ቀስ በቀስ" የምትለዋን ቃል እንደ ፈቃድ ወረቀት ይዟት ወጣ። ለመጀመሪያውም፣ ምናልባትም ለመጨረሻው ረጅም ጉዞ ቦርደዴን መረጠ። እዚያ በለጠ አለ። በለጠ የዱሮ ረዳቱ ነው፤ በኋላ ራሱ ሾፌር ሆኖ፣ አሁን ደግሞ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን።

ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ታጥቦ በተሰጣበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ተነሱ። ባየች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ ሄልሜቱን በሻሿ ላይ ደፍታ ከኋላው ተቀመጠች። ሐምራዊ መስመር በትንሿ መስኮት ውስጥ እንደ ክር ተዘረጋ። ግራ ሲሆን ግራ ትከሻውን፣ ቀኝ ሲሆን ቀኝ ትከሻውን በጣቷ ትነካዋለች። መንገዱን እንደሚያውቀው እያወቀች ትነካዋለች፤ እሱም እያወቀው በነካችው በኩል ይታጠፋል።

ቁልቁለቱ ጀመረ። ብርዱ ከጉልበታቸው ላይ እየለቀቀ ሄደ። ጫቱ አነሰ፣ ማሽላው በዛ፣ የአፈሩ መልክ ገረጣ፣ አየሩም ከታች የሞቀ ነገር እያሸተተ መጣ። ኃይለሚካኤል ሞተሩን እየነዳ ሳይሆን ሞተሩ በራሱ በቀስታ የሚወርድ፣ እሱም ከላዩ የሚንሳፈፍ መሰለው። ቦታዎቹን እየጠራ ወደ ኋላ ይጮኻል። እዚህ ኩርባ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ነበር። እዚያ ዛፍ ሥር በለጠ ወባ ይዞት ሁለቱም ውለው አድረዋል። ባየች ነፋሱን እየታገለች እያንዳንዱን ትደግመዋለች።

"እኔ ያንተን መንገድ የማውቀው ከሸሚዝህ ነበር!" አለችው ጆሮው ሥር። "ሳጥበው። አንዳንዴ ቀይ አፈር፣ አንዳንዴ ነጭ አቧራ ይወጣዋል። ነጩ የየት ነው እያልኩ አስብ ነበር!"

"አሁን ታዪዋለሽ!" አላት።

ሚኤሶ ሲደርሱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበላቸው። ተሳቢዎች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ቆመዋል፤ ግመሎች በመሐላቸው ማንንም ሳያዩ ያልፋሉ። ውሃ ጠጥተው ጉዞ ቀጠሉ። የአሰቦት ተራራ ከሩቅ ብቅ ሲል ባየች እጇን ከትከሻው አንስታ አማተበች። ሜዳው ይንቀጠቀጣል፤ አስፋልቱ ጫፍ ላይ የሌለ ውሃ ያብረቀርቃል፣ ሲጠጉት ይሸሻል፣ እንደገና ያብረቀርቃል። በዚያ ውሃ ውስጥ የጭነት መኪናዎች ተገልብጠው ሲመጡ ያያል፤ ዱሮ የሚያውቃቸው መኪናዎች፣ ሸራቸውን እንደለበሱ፣ መብራታቸውን ብልጭ እያደረጉ ሰላም ይሉታል። እሱም እጁን አነሳላቸው።

ከዚያ ከአስፋልቱ በስተግራ የምትታጠፈውን መንገድ አየ። ጥርት ብላ ታየችው። ታጠፈ።

በግራ ትከሻው በኩል መስኮቷ ውስጥ ሐምራዊው መስመር ተቆረጠ፤ ወደ ኋላ የሚመልስ ቀስት ታየ። ቀኝ ትከሻውን አንድ ነገር ነካው፣ እንደገና ነካው። ወፍ ይሆናል አለ። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ግራሮቹ እየተጠጉ መጡ፣ እሱ ግን የሚሄድበትን ያውቃል፤ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ከግራሮቹ አልፎ ትልቁ የኒም ዛፍ አለ፣ ከኒሙ ሥር የጣሂራ ሻይ ቤት።

ዛፉ ነበረ። ሞተሩን አጠፋ። ሻይ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ የተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ ወለል ብቻ ተዘርግቷል፣ በስንጥቁም ሣር በቅሏል። ኃይለሚካኤል ግን ምንም አልጎደለበትም። ሄልሜቱን አውልቆ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"ጣሂራ!" ሲል ተጣራ። "ሻይ!"

አንዲት ዋኔ ርግብ ከኒሙ ላይ መለሰችለት። ቀና ሲል ከጎኑ አንዲት ሴት ቆማለች። ባየች ነበረች፤ እሱ ግን ያን ሰዓት አላወቃትም። አቧራ የለበሰች፣ የአንድ ደግ ሰው ፊት ያላት መንገደኛ ሆና ነው የታየችው። ቆማ መቅረቷ አሳዘነው።

"ይቀመጡ እንጂ፣ እትዬ" አላት። "እርስዎ ደግሞ ወዴት ነዎት?"

ሴትዮዋ ከንፈሯን ነከሰች። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ወደ አሰበ ተፈሪ ነኝ" አለች።

"እንግዲያው አንድ መንገድ ነን። እኔም ቤቴ እዚያው ነው። ሻይ እንጠጣና አደርስዎታለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ቤት ማን አለዎት?"

"ባለቤቴ አለች።"

"ደጅ ወጥታ ትጠብቅዎታለቻ።"

ኃይለሚካኤል ሳቀ። "የሌሎቹ ሾፌሮች ሚስቶች ናቸው ደጅ ወጥተው የሚጠብቁ። የእኔዋ የመኪናዬን ጡሩንባ ስትሰማ በሩን ትዘጋዋለች።"

"ኧረ! ለምን?"

"እንዳንኳኳ። ሲዞር የከረመ ሰው ሰተት ብሎ አይገባም፣ አንኳኩቶ ነው የሚገባው ትላለች። እንዲህ ስትል ኮስተር ብላ ነው፣ ግን ውስጧ ይስቃል፣ አውቃለሁ። አንኳኳለሁ። እሷም ማን እንደሆንኩ እያወቀች 'ማነው?' ትላለች።" ዋኔዋ ደግማ ጮኸች። "ምን ልበልዎት፣ እትዬ። ከጂቡቲ ጀምሮ ያን ሁሉ በረሃ የማቋርጠው ያቺን የእሷን 'ማነው' ለመስማት ነው። ነግሬያት ግን አላውቅም።"

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ኒሙ ግንድ አዙራ ነበር። ነፋስ መጥቶ ቅጠሎቹን አንሾካሾካቸው፤ በጥላው ውስጥ ብርሃኑ እንደ ውሃ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ በዝግ በር ኋላ ሆና እንደምትናገር ሰው፣ ኮስተር ባለ ድምፅ፣

"ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አለ ኃይለሚካኤል።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ግራሮቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሙቀቱ ተሰማው፣ ጥማቱ ተሰማው። የተሰነጠቀውን ሲሚንቶ አየ። ከጎኑ የተቀመጠችውን አየ።

"ባየች" አላት። "እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሻይ ልጠጣ መጥቼ" አለችው፤ ከዚያ እጁን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ምን እንዳላት አልጠየቃትም። የሆነው ነገር ከፊቷ ላይ ተነበበለት። የያዙትን ዳቦ ቆርሰው በሉ፣ ውሃቸውን ተካፈሉ።

የመውጫው ነገር ነበር የቸገረው። ከግራሮቹ መሐል የከብትና የግመል ዱካ በየአቅጣጫው ይወጣል፤ ሁሉም መንገድ ይመስላል፣ አንዱም አይመስልም። ጥላ እንኳ የሚመራ አልሆነም፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች። ኃይለሚካኤል ቁልፉን አዞረና መስኮቷ በራች። የሚወስደው መስመር የለም። ቢጫ ባዶ ሜዳ ላይ እነሱን የምታሳይ አንዲት ቀስት ብቻ ቆማለች።

"ይኼ ነጠብጣቡ ምንድን ነው?" አለች ባየች ከኋላው። "ጉንዳን የሄደበት የሚመስለው?"

ጠጋ ብሎ አየው። "እኛ ነን" አላት። "የመጣንበት ነው። እየሄድን ዱካችንን ይዞት ኖሯል።"

"እንግዲያው በዱካችን እንመለስ። ወደዚህ፣ ወደ ቀኝ።" ቀኝ ትከሻውን ነካችው። "ቀጥ በል። አሁን ትንሽ ወደ ግራ። አለፍከው፣ ተመለስ። እንዲያ! አሁን ላዩ ላይ ነን።"

በመራመድ ፍጥነት ሄዱ። እሱ አሸዋውንና እሾሁን ብቻ አየ፣ ሌላውን ሁሉ ለጣቶቿ ተወ። አስፋልቱ ድንገት ጥቁር ሆኖ ብቅ ሲል ባየች እንደ ልጃገረድ እልል አለች፤ ያለፈው የጭነት መኪና ሾፌር ሠርግ መስሎት ጡሩንባ ነፋላቸው።

ቦርደዴ ሲደርሱ በለጠን የተፈታ ጎማ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኙት። ቀና ብሎ አያቸው፣ ከዚያ ባየችን ሞተር ላይ ማየቱን ማመን አቅቶት ዘይት የነካውን እጁን አፉ ላይ ጫነ። ተቃቀፉ። ፍየል ጥብስ መጣ፣ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ መጣ። የበለጠ ሚስት ጋ እጇን ልትታጠብ የገባችው ባየች ስትመለስ ከበለጠ ጋር ጓሮ ቆማ ስትነጋገር ኃይለሚካኤል ከርቀት አያቸው። ምን እንደምትነግረው ያውቃል። አልተቆጣም። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች፣ የመኪናው ጎርፍ ከፊቱ እየሄደ እየመጣ፣ ጥቂት ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ካቻቢቴ ተዋሰ።

መሪው ጋ ቆሞ ክንዱን ፈታ፣ ማቀፊያውን ፈታ፣ ገመዱን ከባትሪው ነቀለ። ላስቲኩን ብረቱ ላይ ተወው። ሁለቱ ሲመጡ ዕቃውን ጉያው ውስጥ አድርጎ ጠበቃቸው፤ ቁልፉን ለበለጠ ዘረጋለት።

"የኋላ ጎማው ንፋስ ይቀንሳል" አለው። "ያንተ ነው፣ እንደፈለግህ አድርገው።"

በለጠ ቁልፉን ተቀበለ። "ጋሽ ኃይሌ…" አለ። እንደ ዱሮው፣ ረዳቱ በነበረበት ዘመን እንደሚያደርገው፣ ሮጦ ደጅ የቆመውን የራሱን ፒክአፕ በር ከፈተለት።

በለጠ ነዳ፣ ባየች መሐል ገባች፣ ኃይለሚካኤል መስኮቱ ጋ ሆነ። ፀሐይዋ ከኋላቸው እየወረደች ተራሮቹን አንድ በአንድ ወርቅ ቀባቻቸው። ቆላውን ትተው ዳገቱን ሲጀምሩ ብርዱ በመስኮቱ ገባ፣ ባየችም ነጠላዋን ለሁለቱም አለበሰች። እሱ ተኛ። ከእንቅልፉ ሲነቃ ቤቱ ደጃፍ ነበር።

አሁን በየሳምንቱ ሂርና ይሄዳሉ፤ በሚኒባስ። ኃይለሚካኤል ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል፣ ባየች ደግሞ ከአጠገቡ ሆና፣ ቤት ቻርጅ ያደረገችውን ዕቃ ጭኗ ላይ ትይዘዋለች። ተሳፋሪዎች ምን እንደሆነ ይጠይቋታል፣ እሷም እንዴት እንደሚበራና መስመሩ ምን ማለት እንደሆነ ታስረዳቸዋለች። መድኃኒቱን ይውጣል። ጥሩ ቀን አለው፣ ጥሩ ያልሆነም ቀን አለው። ጥሩ ባልሆነው ቀን "የት ደረስን?" እያለ ደጋግሞ ይጠይቃታል፤ እሷም ሳትሰለች ትነግረዋለች።

ባለፈው ሳምንት መኪናው ዳገቱን ጨርሶ ሜዳ ሲይዝ ባየች ከመስኮቱ ውጪ ቤቶች አየችና፣

"አርበረከቴ ደረስን" አለች።

"ገና ነን" አላት ኃይለሚካኤል፣ ዓይኑን ከማሽላው ላይ ሳያነሳ። "አንድ ድልድይ ይቀረናል።"

ባየች ወደ ጭኗ ጎንበስ ብላ አየች። ቀስቷ ከከተማዋ ስም በስተዚህ፣ ከድልድዩ ሳትደርስ፣ በሐምራዊው መስመር ላይ ቀስ እያለች ትሄድ ነበር።